አይጥ የመሰከረላት እህት

በሥራ ቦታዋ ሁሉም «የአይጥ እናት» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የዘበኞቹ አለቃ ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍትላት «መጣችላችሁ! ልጆች፣ ቁርስ ደረሰ!» እያለ ወደ ደረጃው ይጮኻል። እሷም አትቀየምም። የምርምር ተቋሙ ምድር ቤት ውስጥ ከሚኖሩት ነጫጭ አይጦች አብዛኞቹ ዓይናቸውን የገለጡት በእሷ እጅ ነው፤ የሚያበላቸውም የሚያጠጣቸውም፣ የሚተኙበትን የእንጨት ፍቅፋቂ የሚቀይርላቸውም ሌላ ሰው የለም።

አንድ የሚያኮራት ነገር ቢኖር ሚዛኗ ነው። ለአይጦቹ የምትሰጠውን ምግብ መዝና ትሰጣለች፤ በማግስቱ ደግሞ የተረፈውን መልሳ ትመዝናለች። ፍቅፋቂው ውስጥ የተበተነውን ፍርፋሪ እንኳ በወንፊት ነፍታ ታወጣዋለች። በሌሎቹ ክፍሎች ያሉት ሠራተኞች ፍርፋሪውን በዓይናቸው ገምተው ያልፉታል። እሷ ግን እንዲህ ያለውን ሥራ ከሌብነት ለይታ አታየውም። «ሰው ቢዋሽ ሚዛን ይናገራል» ትላለች አፏን ሞልታ። እስቲ ይሁን፤ ለአይጥ ጥሩ ልማድ ነው። ጉዱ ይህንኑ ልማድ ይዛው ቤቷ መግባቷ ላይ ነው።

ቤት ውስጥ ታናሽ እህቷ አለች። ሰፈሩ የሚያውቃት «ድንቡሼ» በሚለው ስም ሲሆን፣ ስሙን ያወጣችላት ራሷ የአይጥ እናት ናት። ያኔ ድንቡሼ ጉንጯ የተነፋ፣ እጥፋቷ የማያልቅ ሕፃን ነበረች። ታላቋ በጀርባዋ አዝላት ስትዞር «የኔ ድንቡሼ» ትላታለች፤ ሰው ሰማና ስሙ በዚያው ተጣብቆ ቀረ። ለሕፃን ሲሉት የፍቅር ስም ነው። መንገድ ላይ ጎረምሳ ጮክ ብሎ አንዲትን ጎልማሳ ሴት ሲጠራበት ግን ሌላ ነገር ነው። ድንቡሼ አንድም ቀን ከፋኝ ብላ አታውቅም፤ ታላቋም አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም።

ድንቡሼ ልብስ ሰፊ ናት። በፊተኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዋን ተክላ ስትሰፋ ትውላለች። የመኪናው መርገጫ ግርርር ሲል ከውጭ ይሰማል፤ በመሀል ድምፁ ፀጥ ካለ ወይ ክር ተበጥሶባታል፣ ወይ ጉልበቷን እያሸች ነው። ሁለቱም አላገቡም። እናታቸው ስትሞት የታላቋን እጅ ይዛ «ይቺን ልጅ አደራ» ብላታለች። የአይጥ እናትም አደራዋን አልበላችም፤ አስተምራታለች፣ መኪናውን ገዝታላታለች፣ ስትታመም አስታማታለች። ብቻ አንዳንድ ሰው የሚወደውን መጠበቅ ሲያቅተው ይቆልፍበታል፤ እሷም እንደዚያ አደረገች።

መቆለፉ የተጀመረው የድንቡሼ ጉልበት ሲያብጥ ነው። ሐኪሙ ዳሰሰና «መገጣጠሚያው ተቆጥቷል፣ ብግነት አለበት» አለ። መድኃኒት አዘዘና «ክብደትም ብትቀንሺ ጥሩ ነው» ሲል ጨመረበት። ከዚህ ሁሉ ንግግር የአይጥ እናት ጆሮ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት። በዚያው ሳምንት የምግብ ማስቀመጫ ቁምሳጥኑ ላይ ቁልፍ ገባለት። ቁልፉን ከአይጦቹ ክፍል ቁልፍ ጋር ባንድ ገመድ አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። የድንቡሼ ሩዝ፣ የድንቡሼ ሾርባ፣ የድንቡሼ ዳቦ ሁሉ ከሳህን በፊት ሚዛን ላይ ይወጣ ጀመር። ድንቡሼም «እሺ እታለም» ብላ ተቀበለች። እናታቸው በልጅነቷ «እታለም» በያት ብላ ስላስተማረቻት፣ ታላቋን በሌላ ስም ጠርታት አታውቅም።

ወራት አለፉ። የድንቡሼ ወገብ እንደነበረ ነው፤ እንዲያውም ጨመር ሳይል አልቀረም። የአይጥ እናት ያንን ወገብ ባየችው ቁጥር ደሟ ይፈላ ጀመር። እሷ ራሷ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ናት። የፈለገችውን ስትበላ ኖራ ምንም ያልጨመረች ሰው ስለሆነች፣ መወፈር ማለት ለእሷ መስገብገብ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብላ አስባ አታውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች፣ አፏ አመለጣት።

«ተደብቀሽ ትበያለሽ።»

ድንቡሼ ከመኪናዋ ቀና አለች። «እኔ?»

«አይ፣ እኔ! የምሰጥሽን አውቀዋለሁ፣ በልኩ ነው። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?» ብላ ወገቧን በጣቷ ጠቆመቻት።

«እታለም ሙች፣ አንቺ ከሰጠሽኝ ሌላ አልቀምስም።»

«ደንበኞችሽ ያመጡልሻል።»

«ደንበኞቼ የሚያመጡልኝ የተቀደደ ሱሪ ነው» አለች ድንቡሼ፣ ነገሩን በሳቅ ልታሳልፈው። «ሱሪ እንዳልበላ ደግሞ ዚፑ ያንቀኛል።»

የአይጥ እናት አልሳቀችም። ድንቡሼ ይህን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። መቀሷን አስቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«የእማዬ አጥንት ይፋረደኝ፣ ሰርቄ አልበላሁም።»

«የእማዬን አጥንት ለውሸት አትጥሪብኝ!»

ድንቡሼ አላለቀሰችም። ብታለቅስ በተሻለ ነበር። ወደ መኪናዋ ዞረችና ያልተጨረሰውን ኮሌታ መስፋት ቀጠለች፤ የአይጥ እናትም በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

በዚያው ጠዋት ምድር ቤት ውስጥ ስብሰባ ነበር። አዲስ ጥናት ሊጀመር ስለሆነ ተመራማሪዋ ዶክተር ሠራተኞቹን ሰብስባ ታስረዳለች። ስለ አንጀት ባክቴሪያ፣ ስለ ውፍረት፣ ስለ ብግነት ብዙ ተናገረች። የአይጥ እናት ከፊት ተቀምጣ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ልቧ ግን ቤቷ ነው። «አበዛሁት እንዴ? ደግሞስ ካልበላች ከየት መጣ?» እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ስብሰባው አለቀ። ከሁሉም የያዘችው ትእዛዙን ብቻ ነው። አይጦቹ በሁለት ወገን ይቀመጣሉ፤ የአንዱ ወገን አይጥ ከሌላው ጋር አይገናኝም፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲታለፍ ጓንት ይቀየራል፤ ለሁሉም የሚሰጠው ምግብ ያው አንድ ዓይነት ነው። ለምን እንደሆነ አልሰማችም፣ አልጠየቀችምም።

ቤት ውስጥ ከዚያ ቀን ወዲህ «እታለም» የሚባል ቃል ጠፋ። ድንቡሼ የተመዘነላትን ሳህን ተቀብላ መኝታ ክፍሏ ትገባለች፤ በሯን ትዘጋለች፤ ብቻዋን በልታ ሳህኑን አጥባ ታስቀምጣለች። የአይጥ እናትም ጠረጴዛው ላይ ለብቻዋ ትቀመጣለች። በር ተዘግቶ ከወዲያ ሰው ሲያኝክ ከመስማት የበለጠ የሚያሳፍር ነገር ምን አለ?

አንድ ቀን ድንቡሼ ሳህኑን እያጠበች፣ ዞር ሳትል ተናገረች። «የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ ከሱቋ ጀርባ ክፍል አላት። ወሩ ሲያልቅ እገባበታለሁ።»

የአይጥ እናት ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ጉልበትሽ እንዲህ ታሞ? ማን ያይሻል?»

«ማንም ባያየኝ ይሻለኛል» አለች ድንቡሼ።

የአይጥ እናት «ቅሪ» ልትላት ፈልጋ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ቅሪ ካለቻት ይቅርታም ልትጠይቃት ነው፤ ይቅርታ ከጠየቀቻት ደግሞ በሐሰት የከሰሰችው እሷ ልትሆን ነው። እህቷ ግን ልትሄድባት ነው፣ የቀረው ጊዜም ያለው ወሩ እስኪያልቅ ብቻ ነው።

አይጦቹ ደግሞ በዚያው ሰሞን ያስገርሟት ጀመር። የአንደኛው ወገን አይጦች እንደ ወትሮው ሲሆኑ የሌላኛው ወገን ጎናቸው ሞላ፣ ሆዳቸው ፍቅፋቂውን ይጠርግ ጀመር። የአይጥ እናት መጀመሪያ የጠረጠረችው እነሱኑ ነው፤ በአንድ ቀዳዳ ምግብ የሚያስገቡ መሰላት። ሳጥኖቹን አገላብጣ አየች። ቀዳዳ የለም። ቀጥላ ሚዛኗን ጠረጠረች፤ ባትሪውን ቀየረች፣ በሌላ ሚዛን አመሳከረችው። ልክ ነው። ፍርፋሪውን ሁለቴ ነፋች። የወፈሩትም ያልወፈሩትም የበሉት ያው አንድ ልክ ነው። «የተረገመ ሚዛን!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው። ሚዛን ሰደበች ማለት እኮ ትልቅ ነገር ነው። ነገሩ አእምሮዋን ኮረኮረው፤ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ከወፍራሞቹ መካከል አንዲት አይጥ ነበረች። የሳጥን ጓደኛዋ ሞታባት ብቻዋን ቀርታለች። ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ምግቧን ብቻዋን ትቆረጥማለች። የአይጥ እናት በዚያ ሳጥን በኩል ባለፈች ቁጥር የምትሰማው ቤቷ ያለውን የተዘጋ በር ነው። አንጀቷን በላቻት። እንደዚህ ያለ ነገር ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ሠራተኞች ሲወጡ ክዳኑን ከፈተች፣ አይጧን በእጇ አነሳቻትና ከቀጫጭኖቹ አይጦች ጋር ጨመረቻት። «ከእነሱ ጋር ብይ፣ የኔ እናት» አለቻት። አይጧ ከሌሎቹ ጎን ተወሽቃ ስትተኛ የአይጥ እናት ለብዙ ቀን ያላገኘችውን እፎይታ አገኘች። ትእዛዝ መጣሷን ታውቃለች። ግን አንዲት አይጥ ጓደኛ ብታገኝ ምን ይጎዳል ብላ ራሷን አሳመነች።

አይጦቹ በዶክተሯ ፊት የሚመዘኑበት ቀን ሲደርስ አይጧን ቶሎ ብላ ወደ ሳጥኗ መለሰቻት። ዶክተሯ አይጦቹን አንድ በአንድ ሚዛን ላይ እያወጣች እዚያች ላይ ስትደርስ ዓይኗ ፈጠጠ። ሌሎቹ የወገኗ አይጦች መወፈራቸውን ሲቀጥሉ የእሷ ክብደት ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ዶክተሯ ደግማ መዘነቻት። ከዚያ ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ ባልደረቦቿን ጠራች። ተሰብስበው አዩአት፣ ደም ወሰዱላት፣ ተደሰቱ፣ ተከራከሩ። የአይጥ እናት ጥግ ቆማ የጓንቷን ጣት ትጠመዝዛለች። ዶክተሯ ስትወጣ ትከሻዋን መታ አድርጋ «እትዬ፣ ይቺ አይጥ አንድ ትልቅ ነገር ልታሳየን ነው» አለቻት። የአይጥ እናት ያን ቀን ያደረገችውን ሳትናገር ቤቷ ገባች። ዝምታው ግን አላስቀመጣትም፤ ቤት ስትደርስ ድንቡሼ ልብሶቿን በካርቶን እያደረገች ነበር።

በማግስቱ የዶክተሯን ቢሮ አንኳኳች።

«ዶክተር፣ እኔ አበላሽቼብዎታለሁ» አለች ገና ከመቀመጧ። የሆነውን ሁሉ ተናገረች። «ብቻዋን ስትበላ ማየት አቃተኝ።»

ዶክተሯ ግንባሯን ያዘች። ተቆጥታለች፤ ቁጣውን ግን ትልቅ ሰው ላይ ማውጣት አልሆነላትም።

«ለዚህ ነው መወፈሯ የቆመው። አይጥ የጓደኞቿን ቆሻሻ ትቀምሳለች፣ እትዬ። በዚያ ውስጥ ከአንጀታቸው የወጣ ባክቴሪያ አለ። የቀጫጭኖቹ ባክቴሪያ ሆዷ ገብቶ ቤቱን ሠርቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ አስረድቼ አልነበረም እንዴ?»

«ያን ቀን ልቤ እዚህ አልነበረም። አሁን ይንገሩኝ።»

ዶክተሯ ነገረቻት። የዚህ ጥናት አይጦች ሲወለዱ ምንም ባክቴሪያ አልነበረባቸውም። መንታ ከሆኑ ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ ወፍራም አንዷ ቀጭን፣ ከአንጀታቸው የተወሰደ ባክቴሪያ ለሁለቱ ወገን ተሰጠ። ምግቡ አንድ ሆኖ ሳለ የወፍራሟን የተቀበሉት ወፈሩ።

«አንዳንዱ ባክቴሪያ ከዚያው ምግብ ላይ ብዙ ጉልበት ፈልቅቆ ለሰውነት ያቀብላል» አለች ዶክተሯ። «ሌላው ደግሞ የአንጀትን ግድግዳ ይጠብቃል። ጠባቂው ሲያንስ ግድግዳው ይላላና የባክቴሪያ ስባሪ ወደ ደም ሾልኮ ይገባል። ሰውነት ጠላት የገባ ይመስለውና ይቆጣል። ከባድ ቁጣ አይደለም፤ ውስጥ ውስጡን ሲጤስ የሚኖር ነው።»

«ያ ነገር ጉልበት ያሳብጣል?»

«ሊያባብስ ይችላል፣ ገና እያጠናነው ነው። አይጥም ሰው አይደለም። ሰው ላይ ምግቡም፣ እንቅስቃሴውም፣ ከዘር የመጣውም ድርሻ አለው። ግን ሁለት ሰው እኩል በልቶ እኩል ይወፍራል የሚለኝን አልሰማውም።»

የአይጥ እናት የቀሚሷን ጫፍ ጨመደደች። «ተደብቃ በልታ ቢሆንስ?»

«ማን? አይጧ? ከየት አምጥታ?» ዶክተሯ ግራ ገባት። «የሰጧትንም የተረፋትንም የመዘኑት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

እሷው ናት እንጂ። በገዛ እጇ፣ በዚያ በምትምልበት ሚዛን። የአይጥ እናት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ዶክተሯ ለጥናቱ የምታለቅስ መስሏት «አይዞዎት፣ እንደገና እንጀምረዋለን» አለቻት። ነገር ግን አይጧም አብረዋት የነበሩትም ከጥናቱ መውጣታቸው ግድ ነው። ከጥናት የወጣ አይጥ ወዴት እንደሚሄድ የአይጥ እናት ታውቃለች። ሳጥኑን እሷው ተሸክማ ወሰደችው፤ ለሌላ ሰው መስጠት አልሆነላትም። ብቻዋን ብትተዋት ኖሮ አይጧ ገና በሕይወት ትኖር ነበር። ልታጽናናት ያነሳችበት እጇ ከበዳት፤ ሲታጠብም አልቀለላትም።

ቤት ስትደርስ ገና ፀሐይ ነበረ። ድንቡሼ መኪናዋ ላይ ናት። የአይጥ እናት ከአንገቷ ገመዱን አወለቀች፤ የቁምሳጥኑን ቁልፍ ለይታ አወጣችና ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው። መርገጫው ቆመ።

«ምንድነው?»

«አልዋሸሽም» አለች የአይጥ እናት። «ሰርቀሽ አልበላሽም። አሁን አውቄዋለሁ።» ከዚያ ሁሉንም አወራቻት፤ መንታዎቹን፣ አይጦቹን፣ ባክቴሪያውን፣ የሚጤሰውን ቁጣ፣ ብቻዋን ትበላ የነበረችውን አይጥ። እየተንተባተበች፣ አንዱን ከሌላው እያደባለቀች አወራቻት።

ድንቡሼ እስክትጨርስ ሰማቻት። ቁልፉን በጣቷ ነካ አድርጋ ተወችው።

«እኔ እኮ ይሄንኑ ነግሬሽ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «በእማዬ አጥንት ምዬ ነገርኩሽ። እኔን አላመንሽኝም። አሁን አይጥ መሰከረልኝና አመንሽኝ?»

የአይጥ እናት ብትምል፣ ብትገዘት፣ እግሯ ላይ ብትወድቅ ይህን ቃል የሚመልስ ነገር የላትም። «ይቅር በይኝ» ብቻ አለች። ድንቡሼም «ይቅር ብያለሁ» አለች። ብላም መስፋቷን ቀጠለች። ካርቶኖቹ ግን ከተደረደሩበት አልተነሱም።

ወሩ አለቀ። መኪናውን የተሸከመችው የአይጥ እናት ናት፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደችም። የፀጉር ሠሪዋ የጀርባ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። መኪናውን መስኮቱ ሥር ተከለችላት፣ ወለሉን ጠረገችላት፣ የሚሠራ ነገር ሲያልቅባት በሩ አጠገብ ቆመች። ድንቡሼ ምድጃ ላይ የጣደችው ሾርባ ይንተከተካል። ያለ ሚዛን፣ በዓይኗ ብቻ፣ ሁለት ሳህን ሞልታ ቀዳችና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ዳቦውንም በእጇ ቆርሳ ትልቁን ቁራሽ ከታላቋ ሳህን አጠገብ አደረገች።

የአይጥ እናት ተቀመጠች። ማንኪያውን አነሳች፣ ግን ወደ አፏ ልታደርሰው አልቻለችም። ዓይኗ ሳህኑ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ድንቡሼ አየቻት። የሳቀችም ያልሳቀችም በሚመስል ፊት ወደ እሷ ጠጋ አለች።

«ብይ እንጂ፣ እታለም» አለቻት። «እዚህ ቤት ማንም አይመዝንብሽም።»